ባለ ቀዳዳው ድንጋይ የድሩይድ ሳይሆን የባላገር ነው፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ነገሩ አዲስ ለሆነበት አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በሩሲያና በሌሎችም አገሮች የባሕር ዳርቻ ላይ አንዳንዴ ከወዲህ ወዲያ የተበሳ ጠጠር ይገኛል። የሰው እጅ አልነካውም። የዚያ አገር ሰዎች ይህን ድንጋይ ክር አስረውለት ቤት ውስጥ፣ ጋጣ ውስጥ፣ ጀልባ ላይ ሲሰቅሉት ኖረዋል። ከጠንቋይ ይጠብቃል፣ ዱካክ ያባርራል፣ ገድ አለው ይሉታል።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይኸ ነው። ቀዳዳውን ውኃ በሺህ ዓመታት ውስጥ ጠብ እያለ ስለበሳው የውኃ ኃይል አድሮበታል። የጥንቶቹ ድሩይዶች፣ ማለትም የጥንት የኬልት ሕዝቦች ካህናት፣ ቅዱስ ዕቃ ነበር፤ ለዚህም ሮማዊው ፕሊኒ ምስክር ነው። ቤተ ክርስቲያን ድንጋዮቹን አጥፍታለች፣ ባለቤቶቻቸውንም በእሳት አቃጥላለች። በቀዳዳው አሻግሮ ያየ ሰው ስውሩን ዓለም ያያል። አልጋ ላይ ወይም ከሕፃን አልጋ በላይ ከተሰቀለ የእንቅልፍ ችግርን ይፈውሳል፤ ሐኪም ቤት መሄድም አያስፈልግም። ደግሞም ብዙ አገር ያመነበት ነገር ውሸት ሊሆን አይችልም። መደምደሚያው፦ ባሕር ዳር ሂዱ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ሰብስቡ።

እኔ እነዚህን ድንጋዮች እወዳቸዋለሁ። የያዟቸውንም ሰዎች አከብራለሁ። ያሳዘነኝም እሱ ነው። ጽሑፉ የድንጋዩን እውነተኛ ባለቤቶች፣ ማለትም ጋሪ ነጂውን፣ ፈረስ ጠባቂውን፣ ዓሣ አጥማጁንና የሕፃን እናትን ከታሪካቸው አስወጥቷቸዋል። በቦታቸው ነጭ የለበሱ ካህናት አስገብቷል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቀዳዳው እንጀምር። ውኃ ድንጋይ ይበላል፤ በዚህ አልከራከርም። በወንዝ ውስጥ ባለ አለት ላይ ጠጠርና አሸዋ እየተሽከረከረ ጉድጓድ ይቆፍራል። ነገር ግን በመዳፍ የምትያዝ የባሕር ዳር ጠጠር አንድ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም። ማዕበሉ ቀንና ሌሊት ያገላብጣታል። ሺህ ዓመት ሙሉ እዚያው ነጥብ ላይ ጠብ የሚል ውኃ ከየት ይመጣላታል?

በደቡብና በምሥራቅ እንግሊዝ ዳርቻ የሚገኙት ብዙዎቹ ባለ ቀዳዳ ድንጋዮች ባልጩት ናቸው። ባልጩት የሚፈጠረው በጠመኔ ድንጋይ ውስጥ ነው። ጠመኔው ራሱ ከ100 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነጭ ጭቃ ነበር። በዚያ ጭቃ ውስጥ የሸርጣን ዘመድ የሆኑ እንስሳት እየቆፈሩ ይኖሩ ነበር። ከባሕር ስፖንጅና ከሌሎች ጥቃቅን ፍጡራን አካል የሟሟው ሲሊካ የተባለ ማዕድን በእነዚያ ቁፋሮዎች ውስጥና ዙሪያ ረጋ። ባልጩቱ ጣትና ጉልበት ያለው የሚመስል ወጣ ገባ ቅርጽ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ሲሊካው ጠመኔውን ዙሪያውን ከበበና መሃሉን ሳይነካ ቀረ። ከዚያ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ቆይቶ ገደሉ ሲናድ ባልጩቱ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ባሕሩም ለስላሳውን ጠመኔ አጥቦ ያወጣዋል። ቀዳዳው ድሮም ነበረ፤ ባሕሩ የከፈተው ውታፉን ብቻ ነው።

ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ድንጋይ ያገኘ ሰው ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙሮ ይመልከት። ውጪው ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ ልስልስ ብሏል። የቀዳዳው ግድግዳ ግን ብዙ ጊዜ ነጭና ሻካራ ነው። የጠመኔው ቅሪት ነው ያ። ከዚያ ድንጋዩን በቢላ ጫፍ ጫር ያድርገው። አይጫርም። ይልቁንስ ቢላው ራሱ ተፍቆ ቀጭን የብረት መስመር ይተውበታል። ይህን የሚያህል ጠንካራ ነገር በጠብታ ተበሳ ማለት ይከብዳል።

ድንጋዩ ለስላሳ ከሆነስ? ያን ጊዜ ሌላ ባለሙያ አለ። ፒዶክ ይባላል፤ ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል የባሕር እንስሳ ነው። ገና ትንሽ ሳለ ጠመኔ፣ የኖራ ድንጋይ ወይም የጠጠረ ሸክላ ውስጥ ይገባል። ዛጎሉ ላይ ባሉት ጥርሶች ወዲያና ወዲህ እየዞረ ይፍቃል። ባደገ ቁጥር ውስጡን ያሰፋል። መግቢያው ግን ጠባብ እንደሆነ ይቀራል፤ ስለዚህ ዕድሜውን በሙሉ እዚያው ነው። የፒዶክ ቀዳዳ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ የሚለው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ዛጎሉ ሳይወጣ ውስጡ ይገኛል። ደግሞ ከፒዶክ ዘር ጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ አለ። ጽሑፉ ምስክር ያደረገው ያው ፕሊኒ ስለዚህ እንስሳ ጽፏል፤ ሲበሉት አፍ ውስጥ ሳይቀር ያበራል ይላል። ጸሐፊው ይህን አልፈው የውኃ ኃይል መፈለጋቸው ያስቆጨኛል።

ፕሊኒን ካነሳን ወደ ድሩይዶቹ እንሂድ። የጽሑፉ ምሰሶ እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁ ስሕተትም እዚሁ ነው።

ፕሊኒ በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተው ሮማዊ ሊቅ ነው። በትልቁ የተፈጥሮ መጽሐፉ ውስጥ የጋሊያ (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ድሩይዶች ስለሚያከብሩት «የእባብ እንቁላል» ይተርካል። በበጋ ብዙ እባቦች አንድ ላይ ተጠማዝዘው ከምራቃቸውና ከገላቸው አረፋ ያበጁታል። እያፏጩ ወደ ላይ ይወረውሩታል። መሬት ሳይነካ በልብስ መቀለብ አለበት። የቀለበው ሰው በፈረስ ይሸሻል፤ እባቦቹም ወንዝ እስኪያግዳቸው ድረስ ያሳድዱታል። እውነተኛ መሆኑ የሚለየው በወርቅ ተለብጦ እንኳ ወንዝ ላይ ሽቅብ ሲንሳፈፍ ነው። ክርክር ያስረታል፣ ነገሥታት ፊት ያስቀርባል ተብሎ ይታመን ነበር። እንዲያውም ቮኮንቲ ከተባለው የጋሊያ ነገድ የሆነ አንድ ባለ ማዕርግ ሰው በሙግት ላይ ሳለ ይህን ነገር ደረቱ ውስጥ ይዞ በመገኘቱ ንጉሠ ነገሥቱ ቀላውዴዎስ እንዳስገደለው ፕሊኒ ይናገራል።

ግሩም ትረካ ነው። ግን ቀዳዳው የታለ? ፕሊኒ ዕቃውን በዓይኑ አይቶታል። መጠኑ መካከለኛ ፖም ያህላል ይላል። ቅርፊቱ እንደ ቅርጭጭት ሆኖ በኦክቶፐስ ክንድ ላይ እንዳሉት ዓይነት ብዙ ጽዋ መሰል ጉድጓዶች አሉበት ይላል። ከወዲህ ወዲያ ስለሚያሳይ ቀዳዳ አንድ ቃል የለም። ስለ ክርም የለም። በኋላ ዘመን ያጠኑት አንዳንድ ሰዎች የባሕር ጃርት ቅሪተ አካል ሳይሆን አይቀርም ብለው ገምተዋል። ምንም ይሁን ምን፣ የባሕር ዳር ባልጩት አይደለም። ባልጩት ወንዝ ውስጥ ሲጣል ይሰምጣል፤ ሽቅብ መንሳፈፉ ይቅርና።

ታዲያ ሁለቱ እንዴት ተቀላቀሉ? በዌልስ፣ በኮርንዋልና በስኮትላንድ ሕዝቡ «የእባብ ድንጋይ» የሚለው ነገር ነበረው። እባቦች ተሰብስበው እያፏጩ ይሠሩታል፤ የታመመ ዓይንን፣ የሕፃን ጥርስ ሕመምን፣ የእባብ ንድፊያን ይፈውሳል ይባል ነበር። ዌልሳዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሉዊድ በ1700 አካባቢ አገር ላገር እየዞረ እነዚህን ሰበሰበ። በእጁ የገቡት ብዙዎቹ የጥንት የብርጭቆ ዶቃዎች ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ እንዝርት ላይ ክብደት እንዲሆን የሚሰካ ክብ የተበሳ ድንጋይ ሆነው ተገኝተዋል። ገበሬ ማሳውን ሲያርስ አግኝቷቸው ለምን እንደተሠሩ ሳያውቅ ቤቱ ያኖራቸው ናቸው። ከጥንት ጀምሮ ሴቶች ሱፍ የፈተሉበት ዕቃ የልጅ ልጅ ልጆቻቸው ዘንድ መድኃኒት ሆነ። የተማሩ ሰዎች ፕሊኒን አንብበው ስለነበር የሕዝቡን የእባብ ድንጋይ ከድሩይዶቹ እንቁላል ጋር አገናኙት። የባሕር ዳሩ ባለ ቀዳዳ ጠጠርም በዚያው ተጠቅልሎ ገባ። ድሩይዶቹ ራሳቸው የጻፉት አንድም ነገር አልደረሰንም። ስለዚህ «ድሩይዶች ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ያመልኩ ነበር» የሚል ሰው በፕሊኒ ላይ መደገፍ አይችልም።

ጽሑፉ በዚሁ አጋጣሚ በኮርንዋል የሚገኘውን ሜን አን ቶል የተባለውን ትልቅ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ይጠቅሳል። እውነት ነው፣ አጥንቱ የለመጠ ሕፃን በቀዳዳው እንዲሾልክ ይደረግ ነበር። ቀዳዳውን ግን ሰው ነው የፈለፈለው። ስለ ተፈጥሮ ቀዳዳ እየተነጋገርን ከሆነ እሱ ከጉዳዩ ውጪ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። ድንጋዩ በእርግጥ የት እንደተሰቀለ የሚነግሩን ጽሑፎች አሉ። ቦታውም የፈረስ ጋጣ ነው።

የኖሪች ከተማ ሐኪም የነበረው ቶማስ ብራውን በ1646 ስለ አጉል እምነቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያነሳዋል። ዱካክን ለመከልከል ጋጣ ውስጥ የተበሳ ድንጋይ መስቀል ምን የተፈጥሮ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዛዊው የጥንታዊ ነገሮች አጥኚ ጆን ኦብሪ ደግሞ በ1696 ዘርዘር አድርጎ ይነግረናል። ባለ ቀዳዳ ባልጩት በክር ታስሮ ግርግሙ አጠገብ ይሰቀላል፤ ፈረሱ አንገት ላይ ቢታሰር ግን ይበልጥ ይሻላል። ምክንያቱም ሌሊት ጠንቋይቱ መጥታ ፈረሶቹን እንዳትጋልብ ነው፤ ፈረሶቹ አንዳንዴ ሌሊት ያልባቸዋልና። ይህን የሚያደርጉትም ጋሪ ነጂዎች፣ ፈረስ ጠባቂዎችና የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኞች እንደሆኑ ጽፏል።

እስቲ የዚያን ጠባቂ ጠዋት እናስብ። ጎህ ሲቀድ ጋጣውን ይከፍታል። ማታ ደህና አድሮ የነበረው ፈረስ በላብ ርሷል፣ ጋማው ተቋጣጥሯል፣ ያለከልካል። ዛሬ ሊያርስበት ወይም ሸክም ሊጭንበት ነበር። የእንስሳት ሐኪም የሚባል ነገር የለም፤ የመጀመሪያው የብሪታንያ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ለንደን ውስጥ የተከፈተው በ1791 ነው። እኛ ዛሬ የሆድ ቁርጠት ይሆናል፣ ጋጣው አየር አያስገባም ይሆናል፣ ወይም አንዱ ሌሊት ሰርቆ ጋልቦት መልሶት ይሆናል እንላለን። እሱ ግን የፈረሱ ጌታ ሲጠይቀው የሚመልሰው ያስፈልገዋል። ጠንቋይቱ ጋለበችው ይላል። ከዚያ ወጥቶ የማያስከፍል፣ የማይበሰብስ፣ ለክር የተዘጋጀ ድንጋይ ፈልጎ ይሰቅላል። አንዳንዱም የጋጣውን የብረት ቁልፍ ከድንጋዩ ጋር ያስራል፤ ጠንቋይ ብረትም ትፈራለች ይባል ስለነበር። እንዲህ ዓይነት ድንጋዮች ዛሬ ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ከሌሎች ክታቦች ጋር ተቀምጠዋል።

ይህን ሰው ሞኝ አልለውም። ያለውን አማራጭ ሁሉ ተጠቅሟል። ግን ካህን አልነበረም። ጽሑፉ «ጥንታዊ ምሥጢር» የሚለው ነገር የሠራተኛ ሰው ጭንቀት ነው። የዶርሴት ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸው ላይ ያሰሩትም በዚሁ መንፈስ ነው። ባሕር ላይ ሲወጡ በእጃቸው ያልነበረውን ነገር ለድንጋዩ ሰጡት።

ከጋጣው ወደ ሰው አልጋ ያለው መንገድ አጭር ነው። በፈረሱ ላይ የተቀመጠችው ጠንቋይ ሰውም ደረት ላይ ትቀመጣለች። ዱካክ የሚባለው ይህ ነው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓይን ይከፈታል፣ ክፍሉ ይታያል፣ አካል ግን አይንቀሳቀስም። አንድ ነገር ደረት ላይ ተጭኗል። ድምፅ አይወጣም። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ደረጃ አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያዝላል፤ ሕልማችንን ተነሥተን እንዳንሠራው። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ጡንቻው ይዘገያል። ሕልሙም ገና አላለቀም። ስለዚህ ነቅተን ሳለ ክፍላችን ውስጥ ሰው እናያለን። ከጥቂት ሴኮንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ይለቃል። ከ100 ሰው 8 የሚሆነው በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደርስበታል። እንቅልፍ ማጣት፣ የተዛባ የመኝታ ሰዓትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል።

ጽሑፉ «ድንጋዩን ሰቅለው የተፈወሱ አሉ» ይላል። ሊሆን ይችላል። ይህ ነገር በብዙ ሰው ላይ አልፎ አልፎ መጥቶ በራሱ ይጠፋል። ድንጋይ ተሰቀለም አልተሰቀለም። ፍርሃቱ የቀነሰለት ሰው ደግሞ የተሻለ ይተኛል። እስከዚህ ድረስ ምንም ጉዳት የለውም። «ሐኪም አያስፈልግም» የሚለው ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። ነገሩ የሚደጋገምበትና ቀን ቀን ሳያስበው እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ናርኮሌፕሲ የሚባል ሕመም ሊኖርበት ይችላል። ይህ ሕክምና ያለው ነገር ነው። እሱን ሰው ድንጋይ ይዘህ ቁጭ በል ማለት ትልቅ በደል ነው።

«ቤተ ክርስቲያን አጠፋችው፣ ባለቤቶቹንም አቃጠለች» ወደሚለው ልለፍ። በእንግሊዝ ሕግ በጥንቆላ የተፈረደበት ሰው ይሰቀል ነበር እንጂ አይቃጠልም። ድንጋዩን የሚሰቅሉት ሰዎች ደግሞ ራሳቸውን ከጠንቋይ የሚከላከሉ እንጂ ጠንቋዮች ተብለው የሚታሙ አልነበሩም። ከሁሉ በላይ ግን የኦዲን ድንጋይን ታሪክ ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር።

የኦዲን ድንጋይ በስኮትላንድ ሰሜን በኦርክኒ ደሴቶች፣ ስቴነስ አጠገብ የቆመ ትልቅ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ነበር፤ ኦዲን የስካንዲኔቪያ አረማውያን አምላክ ነው። የሚፋቀሩ ሰዎች ከወዲያና ከወዲህ ቆመው እጃቸውን በቀዳዳው አሾልከው ይጨባበጡና ይማማሉ። ያ መሐላ አይፈርስም። በ1781 አካባቢውን የጎበኘ አንድ ሰው እንደጻፈው፣ አንዲት ልጅ አስረግዞ የካደ ወጣት በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከልክ በላይ ጨከኑበት። ለምን ሲባሉ፣ ይህ ሰው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ አታውቁም፣ የኦዲንን ቃል ኪዳን አፍርሷል አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ናቸው እንግዲህ። ድንጋዩን ያፈረሰውም ቄስ አይደለም። በታኅሣሥ 1814 ከሌላ አካባቢ የመጣ ማካይ የሚባል የመሬት ተከራይ ነው የሰበረው። ድንጋይ ለማየት የሚመጣው ሰው ማሳዬን ረገጠ ብሎ ነው። የአገሩ ሰው በጣም ተቆጣ፤ ቤቱን ሊያቃጥሉ እንደሞከሩም ይነገራል።

በቀዳዳው አሻግሮ ስለማየት ብዙ አልልም። በስኮትላንድና በአየርላንድ እንዲህ ዓይነት እምነት ነበረ። ጽሑፉ ማስረጃ ያደረገው የብራሃኑ ባለ ራእይ፣ በድንጋይ አሻግሮ እያየ ይተነብይ ነበር የሚባለው ስኮትላንዳዊ፣ ግን ለዚህ አይሆንም። አፈ ታሪኩ ሰውዬውን በ17ኛው መቶ ዓመት ያስቀምጠዋል። ትንቢቶቹ በመጽሐፍ የተሰበሰቡት በ1877 ነው። በዘመኑ ሰነድ ላይ ይህ ስም የሚገኘው በ1577 እና በ1578 በወጡ የእስር ትእዛዞች ላይ ብቻ ነው፤ ከአፈ ታሪኩ ዘመን አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ። ድንጋዩም በአንዱ ትረካ ቀዳዳ አለው፣ በሌላው የለውም።

«ብዙ አገር ስላመነበት» የሚለው መከራከሪያ በመጀመሪያ ሲያዩት ያሳምናል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እምነቱ አንድ አይደለም። እንግሊዛዊው ለፈረሱ ሰቀለው። ሩሲያዊው ዶሮ ቤት ውስጥ ሰቀለው፤ ዶሮዎቹን ኪኪሞራ የተባለች የቤት መንፈስ እንዳታስቸግራቸው። የባቫሪያና የኦስትሪያ ሰው ደግሞ ድሩደ የምትባለው የሌሊት መንፈስ እንዳትጫነው መኝታ ቤቱና የልጁ አልጋ ላይ አደረገው። ድንጋዩ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ግን የሰጠው ሥራ የራሱን ሥጋት ነው። ደግሞም የጂኦሎጂውን ካርታ ተመልከቱ። የደቡብ እንግሊዝ ጠመኔ፣ በባልቲክ ባሕር ላይ ያለው የሩገን ነጭ ገደል፣ የክራይሚያ የኖራ ድንጋይ ዳርቻ። እምነቱ የበረታው ድንጋዩ በብዛት በተገኘበት ነው። መሣሪያ ሳያስፈልግ በክር የሚንጠለጠል ድንጋይ ያገኘ ሰው ማንጠልጠሉ አይቀርም። ፊልም ሠሪው ዴሬክ ጃርማን በ1994 እስኪሞት ድረስ በደንጅነስ ዳርቻ ባለው ቤቱ የአትክልት ቦታ እነዚህን ድንጋዮች እየደረደረ ይሰቅል ነበር። ያማሩ ስለሆኑ።

«ያገኛችሁትን ሁሉ ሰብስቡ» የሚለው ምክርም ሕግ ያስጥሳል። በእንግሊዝ በ1949 የወጣው የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሕግ ከዳርቻ ጠጠር መውሰድን ለመከልከል ሥልጣን ይሰጣል፤ በብዙ ቦታም ተከልክሏል። ጠጠሩ ማዕበልን የሚያበርድ ግድግዳ ነው። ድንጋዩን እዚያው አንሥቶ፣ በቀዳዳው ሰማዩን አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ መመለስ ይቻላል።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የፕሊኒን ቃል እንደገና አንብበው ስለ ድሩይዶች የጻፉትን ያርሙ። ሁለተኛው ይበልጥ ያስቸኩላል። ስለ ሐኪም የጻፉትን፣ ከሕፃን አልጋ በላይ ስቀሉ የሚለውንም ዛሬውኑ ያውጡት። ሕፃን የተኛበት ቦታ ላይ ክር ማንጠልጠል አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል፤ ክሩ ቢበጠስ ደግሞ ድንጋዩ የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው።